ለአዋጅ የተመታ በርሚል

በረሃቡ ጊዜ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሳለን፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በግቢያችን ስለ ንጉሥ ይመከር ነበር። ንጉሥ አልነበረንም። አገራችንም በሌላ እጅ ነበር። ሰዎቹ ግን ሱዳኖቹ ራኩባ በሚሉት የገለባ ዳስ ሥር፣ በገመድ አልጋዎች ላይ ይቀመጡና፣ አንድ ቀን ዘውዱ ሲመለስ አዲሱ ንጉሥ የሚነግሥበት ዕለት እንዴት ይከበር እያሉ ይከራከሩ ነበር።

ሊቀመንበሩ ጎንደር የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩ ሰው ናቸው። የሚመጣው ንጉሥ ሥልጣኑ በሕግ የተወሰነ መሆን አለበት፤ ይነግሣል እንጂ አያስተዳድርም ይሉ ነበር። ስለዚህ በዓሉም እንደ ድሮው ሊሆን አይችልም። የሚቀድመው በቤተ ክርስቲያን መቀባቱ ነው ወይስ በፓርላማ ፊት መማሉ? ከጳጳሱ ጎን ሼክ ይቆማል ወይ? የኋለኛውን ያነሡት ገበያ ውስጥ ሱቅ ያላቸው የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። "ስንሰደድ አብረን ነን፤ ስንነግሥ ብቻ ነው እንዴ የማንታይ?" ብለው ሁሉንም አሳቁ። ሼኩ ተፈቀደ። ንጉሡ በሠረገላ ይሂድ ያለ ሰውም ነበር።

"ሠረገላውን ከየት ታመጣዋለህ?" አሉት ነጋዴው።

"ይገዛል።"

"አንተ አህያ እንኳ የለህ፤ ለሰው ሠረገላ ትገዛለህ።"

ግብር ማብላት ግን እንዲቀር ተወሰነ። "ሕዝብን ሰብስቦ ሥጋ ማብላት ጊዜው ያለፈበት ነገር ነው" አሉ ሊቀመንበሩ። "የዘመኑ ንጉሥ ሕዝቡን የሚያከብረው በሕግ ነው።" እጅ ወጣ፤ አለፈ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ስለነበር የተወሰነውን በንጹሕ የምገለብጠው እኔ ነበርኩ። ይህንንም ገለበጥኩ፤ ያን ዕለት የተለየ ነገር አልተሰማኝም።

አባቴ በዚህ ሁሉ ክርክር ዝም ይል ነበር። የሚጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአዋጅ ነጋሪውን ጉዳይ። በጎልማሳነቱ የአገረ ገዢው አዋጅ ነጋሪ ነበር። በቅዳሜ ገበያ የሌባ፣ የግብር፣ የጠፋ በቅሎ አዋጅ ለብዙ ዓመት ተናግሯል። ድምፁ ከገበያው ጫፍ አልፎ ወንዝ ይሻገር እንደነበር የሚያውቁት ይናገራሉ። የመንገሥ አዋጅ ግን አልደረሰውም። የመጨረሻው ሲነገር ገና ልጅ ነበር፤ የነጋሪቱን ጠፍር ይዞ ከአለቃው ጎን ቆመ እንጂ አፉን አልከፈተም። ቃሉን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በልቡ ይዞታል። ልብሱን ሲያጥፍ፣ ውኃ ሲቀዳ፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይ ነበር። ሳይሞት አንድ ጊዜ ሊለው ይፈልግ ነበር።

ሬዲዮ እያለ አዋጅ ነጋሪ ምን ያደርጋል ያሉ ነበሩ። ሊቀመንበሩ ግን ለባህል ያህል አጠር ብሎ ይነገር ብለው ፈቀዱ። በማግስቱ አባቴ ጋቢውን እንዳጥብለት ሰጠኝ።

ብዙም ሳይቆይ ከካርቱም አንድ የተከበሩ ሰው ሊጎበኙን ነው ተባለ። የተመከረውን ከማንበብ ትንሽ በዓይናቸው ቢያዩት ይሻላል ተብሎ፣ አዋጁ ከግቢያችን ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ እንዲነገር ተወሰነ። ለእንግዳው በግ ታረደ። ወጡን እኔ ሠራሁ፤ ጎረቤታችን ሱዳናዊቷ ሐጃ በትልቅ ድስት የማሽላ ገንፎ አገነፉልን።

ነጋሪት አልነበረንም። ሐጃ ሴቶች በሠርግ የሚመቱትን የሸክላ ከበሮ አምጥተው ሰጡኝ። አባቴ አገላብጦ አየውና፣ "ለንጉሥ አዋጅ የሠርግ ከበሮ? አይሆንም" አለ።

ነገሩን ብተረጉምላቸው ሐጃ ሳቁ። "ንጉሡም የሚመጣው ተሞሽሮ አይደል ወይ በይው" አሉኝ። አባቴ አልሳቀም። ባዶ የናፍጣ በርሚል ተፈልጎ መጣ። ተገልብጦ ሲመታ ድምፁ ከባድ ነበርና ወደደው።

ከሜዳው ማዶ፣ ድንበሩን በእግር የተሻገሩ ሰዎች በቅርንጫፍና በቡትቶ መጠለያ ሠርተው ሰፍረው ነበር። ጠዋት ጠዋት ከዚያ በኩል በርሚል ሲመታ እንሰማለን። ምን እንደሆነ ግን አልጠየቅንም። በየሳምንቱ ስለ አገር እየተነጋገርን፣ ከአገር ትናንት የመጣ ሰው በምን ድምፅ እንደሚነሣ አናውቅም ነበር።

በቀኑ እንግዳው ወንበር ላይ ተቀመጡ። አባቴ የታጠበውን ጋቢ ለብሶ ሣጥን ላይ ወጣና በርሚሉን መታ። አሁንም መታ።

ከማዶ ሰው ብቅ አለ። መጀመሪያ ልጆች፣ ከዚያ ሴቶች፣ ከኋላ ሽማግሌዎች። መሮጥ የሚችል ይሮጣል፤ ያልቻለ በምርኩዝ ይመጣል። ሊቀመንበሩ ወደ እንግዳው ዘንበል ብለው፣ "ይኸው፣ ሕዝቡ ነጋሪት ሲሰማ ዛሬም ይመጣል" አሉ። የአባቴ ፊት በራ። እኔ ከአጥሩ በር ላይ ስለቆምኩ በቅርብ ያለፉት በእኔ በኩል ነው። እጃቸውን አየሁ። ጣሳ ይዘዋል፤ ቅል ይዘዋል፤ ዕቃ የሌላት አንዲት ሴት የነጠላዋን ጫፍ ዘርግታ ይዛለች። ደርሰው፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ከሣጥኑ ሥር ጀምረው ተሰለፉ።

ያን ጊዜ የዚያ የጠዋቱ በርሚል ነገር ገባኝ። አባቴ ግን ጀምሯል።

"ስማ! የሰማህ ላልሰማህ አሰማ! የሞትንም እኛ፣ ያለንም እኛ!"

ድምፁ አላረጀም ነበር። ከፊት የቆመችው ሴት ጣሳዋን ከፍ አድርጋ፣ "አባቴ፣ ዱቄቱ በየት በኩል ነው?" አለችው።

አባቴ ጣሳውን ተመለከተ። ከዚያ ሰልፉን እስከ መጨረሻው ተመለከተ። ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል አውቀዋለሁ፤ ነጋዴ ነግድ፣ ገበሬ እረስ የሚለው ነው። ንጉሥ ሲለወጥ ሕዝቡ እንዳይሸበር፣ ሁሉም በየሥራው እንዲውል የሚታወጅ ነው። አባቴ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

"ይቀጥሉ እንጂ" አሉ ሊቀመንበሩ ቀስ ብለው።

ከሰልፉ መሀል አንድ ረጅም ሰው፣ በአነጋገሩ የወገራ ሰው የሚመስል፣ ሳቀ። አዋጁን ያውቀዋል።

"ይጨርሱት እንጂ አባቴ። ገበሬ እረስ ይበሉን። ገበሬው ይኸው እኔ አለሁ።"

"አንተ፣ ዝም በል" አለችው ባለጣሳዋ።

"ለምን ዝም እላለሁ? ንጉሥ ነግሦ እረስ ካለኝ፣ በሬውን ከየት እንደሚሰጠኝ ልስማ እንጂ። የኔዎቹን በልተናቸዋል።"

አንድ ሁለት ሰው አብሮት ሳቀ። ወዲያው ነፋሱ ከግቢያችን የበጉን ወጥ ሽታ አወጣው። ሳቁ ቆመ። ሰልፉ በሙሉ ፊቱን ወደ በሩ፣ ወደ እኔ አዞረ። ማማሰያው በእጄ ነበር፤ የማስቀምጥበት አጣሁ። ከዕፍረቴ የተነሣ የማንንም ፊት አላስታውስም፤ የማስታውሰው ጣሳዎቹን ነው።

አባቴ ከሣጥኑ ወረደና ወደ ሊቀመንበሩ ሄደ።

"ነጋሪት መትተን ጠርተናቸዋል። ባዷቸውን አይመለሱም።"

"ምግቡ እኮ የእንግዳው ነው፣ አባባ። ደግሞ ለዚህ ሁሉ ሰው አይበቃም።"

"አይበቃም። ይውጣ።"

እንግዳው ተነሥተው መነጽራቸውን ይጠርጉ ጀመር። "ይውጣ፣ ይውጣ" አሉ፣ ማንንም ሳያዩ።

ድስቶቹን አወጣን። ሐጃ ገንፎውን፣ እኔ ወጡን በጭልፋ እያካፈልን ልጆቹን አስቀደምን። አባቴ የጋቢውን ጫፍ ትከሻው ላይ ጥሎ ሕፃን ያቀፉትን ወደ ፊት ያሳልፍ ነበር። ግማሹ ሳይደርሰው ወጡ አለቀ። ጭልፋዬ ድስቱን ሲፍቅ ሁሉም ሰማው። ሐጃ የገንፎውን ድስት ዘቅዝቀው አሳዩ፤ በምልክት ከማሳየት ሌላ የሚግባቡበት ቋንቋ አልነበራቸውም።

ቢሰድቡን ይሻለኝ ነበር። አልሰደቡንም። ያልደረሳቸው ዕቃቸውን ይዘው በመጡበት ተመለሱ። ረጅሙ ሰው አልደረሰውም። በአባቴ አጠገብ ሲያልፍ ቆም ብሎ አየውና፣ "ድምፅዎ ግን ደህና ነው" አለው። ሲያሾፍ አልነበረም። አባቴ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣው።

እንግዳው ሻይ ብቻ ጠጥተው ሄዱ። ሣጥኑንና በርሚሉን ማን ከሜዳው እንዳነሣቸው አላውቅም፤ እኔ ድስት ሳጥብ ነበር።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሰዎቹ እንደ ወትሮው መጡ። ስለዚያ ቀን ያነሣ የለም። የሕዝብ በዓሉ አንድ ቀን ይሁን ወይስ ሦስት ቀን በሚለው ረጅም ጊዜ ተከራከሩ፤ ነጋዴው እንኳ አልቀለዱም። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ፣ "የአዋጅ ነጋሪውን በተመለከተ…" ብለው ጀመሩና ወደ አባቴ ዞሩ።

"ሬዲዮ ይበቃል" አለ አባቴ።

አልተከራከሩትም። እኔም እንደዚያ ጻፍኩ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ከማዶ በርሚሉ ሲመታ አባቴ በእጁ የያዘውን ያስቀምጥ ነበር፤ ሻይም ቢሆን፣ መርፌም ቢሆን። ድምፁ እስኪያበቃ አይናገርም። እኛም አንናገርም ነበር። የማዶዎቹ ሰዎች በሎሪ ተጭነው ወደ ሌላ ካምፕ ከተወሰዱ በኋላ፣ ሜዳው ባዶ ሆኖ እንኳ፣ በዚያ ሰዓት ዝም ይል ነበር።