ጳጉሜንን የሚያውቀው አሮጌ ማሽን

የሆስፒታላችን የኮምፒውተር ክፍል ባልደረባ አቶ ምናሉ ከዚህ ዓለም በሞት የተለዩት ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ደብረ ማርቆስ በዝናብ ውላ በዝናብ በምታድርበት ሳምንት ነው። ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፈው ሥራውን ከእጃቸው የተማርኩት እኔ ነኝ። ሐዘኑ ከባድ ነው፤ ፍርሃቴ ግን ይብሳል።

የመድኃኒት ቀጠሮ የሚይዘውን ፕሮግራም ከብዙ ዓመታት በፊት የጻፉት እርሳቸው ናቸው። ሆስፒታሉ ፕሮግራሙ ፍሬምወርክ በሚሉት አዲስ የኮድ መሠረት እንደገና ይሠራ ሲል አልተከፉም። «አሮጌ ቤት ይፈርሳል፤ መጀመሪያ ግን ማን እንደሚተኛበት እዩ» ይሉን ነበር። የሕመምተኞቹ መዝገብ ካለበት ዳታቤዝ ጋር የሚነጋገረውን አሮጌ ኮድ መስመር በመስመር ጮክ ብለው እያነበቡ ያስረዱን ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር የተሠራው አዲሱ ፍሬምወርክ ግን አሥራ ሦስተኛ ወር ሲያይ ስሕተት ነው እያለ ይቆም ነበር። የተቸገረ አንድ ባልደረባችን የጳጉሜን ቀጠሮዎችን ሁሉ ወደ መስከረም አንድ እንዲገፋቸው አደረገ። «አምስት ቀን ምን ያመጣል?» አለ። ለአቶ ምናሉ አልነገራቸውም።

ያመጣውን አምና አዲሱ ፕሮግራም በተሞከረበት ጊዜ አየን። የጮቄ ተራራ ገበሬ በጳጉሜን ለሩፋኤል ጠበል ሲወርድ መድኃኒቱንም በዚያው መንገድ ይወስዳል። ፋርማሲው ደግሞ የሚሰጠው በየጠዋቱ ከፕሮግራሙ በሚላክለት ዝርዝር ብቻ ነው። እማማ ጥሩ የተባሉ የስኳር ሕመምተኛ ከሮብ ገበያ ከተማ መጥተው ስማቸው ታጣ። «ለእንቁጣጣሽ ይመለሱ» ተባሉ።

«ኧረ ልጄ፣ እስከ እንቁጣጣሽ በምን እቆያለሁ?»

አቶ ምናሉ ይህን ሰምተው ደንግጠው ተነሡ። አሮጌው ፕሮግራም ያለበትን ማሽን ከፍተው የእማማ ጥሩን ስም አገኙ። ኢንሱሊኑን ራሳቸው ከመጋዘን አስወጥተው ሰጧቸውና፣ መሽቶባቸው ስለነበር ቤታቸው ወስደው አሳደሯቸው። የተገፉት ስሞች ግን የእማማ ጥሩ ብቻ አልነበሩም። ማያው ላይ ስም በስም ላይ ሲደረደር የአቶ ምናሉ ፊት አመድ መሰለ።

ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩ ለጊዜው ከአሮጌው ማሽን እንዲላክ አድርገው፣ ጳጉሜንን ወደ አዲሱ ኮድ ለመመለስ ሲደክሙ ሕመም አልጋ ላይ ጣላቸው። ልጠይቃቸው ስሄድ እጄን ይዘው «ምን ቀረ?» አሉኝ።

«የፋርማሲው ዝርዝር ገና አልተሠራም ጋሼ።»

«እንግዲያው አሮጌውን አታጥፉ። ከዝርዝር የወጣ ሰው ጮኾ አይጠራችሁም፤ ዝም ብሎ ይቀራል።»

ከቀብራቸው ማግስት አሮጌው ማሽን በነሐሴ ሠላሳ እንዲዘጋ ትእዛዝ ወጣ። ስለ ጳጉሜን ሳስረዳ አለቃችን «የሙከራው ጊዜ አልፏል እኮ! የሞተ ሰው ሥጋት ይዘን አንቀመጥም» አሉኝ። ተመልሼ ኮዱን ከፈትኩ።

ጋሼ ምናሉ፣ ዛሬ ነሐሴ ሠላሳ ነው። ሥራዎን ለመጨረስ ሞከርኩ፤ አልደረሰልኝም። አሮጌው ማሽን ከጠረጴዛዎ ሥር ያጉረመርማል። አለቃችን የክፍላችንን ቁልፍ ይዘው በኮሪደሩ ሲመጡ ኮቴያቸው ይሰማኛል። ነገ ጳጉሜን አንድ ነው፤ ሕመምተኞቹ ከተራራው መውረድ ይጀምራሉ። ወንበርዎን አምጥቼ ከማሽኑ የኤሌክትሪክ መሰኪያ ፊት ተቀምጬበታለሁ። እርስዎ በሰላም ይረፉ ጋሼ፤ እኔ ከዚህ አልነሣም።