ከአሥራ ሁለት የምትጀምር ሰዓት

መብራት ሄዶ በተመለሰ ቁጥር የወጥ ቤቴ ምድጃ ሰዓት 12:00 እያለ ብልጭ ድርግም ይላል።

ልጅ ሳለሁ፣ ጎንደር ቤታችን ውስጥ፣ አጎቴ ከጅዳ ያመጣው አሮጌ ኮምፒውተር ነበር። ሲሞቅ የተቃጠለ አቧራ ይሸታል። እኔ የምወደው ከስክሪኑ ጥግ ያለችውን ትንሽ ሰዓት ነበር። የውስጥ ባትሪው ስለሞተ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ከአሥራ ሁለት ትጀምራለች፤ በእኛ አቆጣጠር የማስተካክላት እኔ ነበርኩ።

አንድ የክረምት ቀን አባቴ ለገበያ ዛሪማ ወረደ። «ለመግሪብ፣ አሥራ ሁለት ላይ እገባለሁ» ብሎ ነበር። መግሪብ ተሰገደ፤ አልመጣም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሁላችንም የምናስበው የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ነው፤ ስሙን የሚጠራ ግን የለም። ማኪና ባለፈ ቁጥር እናቴ በሩን ትከፍታለች። የአባቴ አባት፣ አያቴ፣ የሙስበሃቸውን ዶቃ እየቆጠሩ «ስንት ሆነ?» ይሉኛል። አንድ ሰዓት። አንድ ተኩል።

መብራት ጠፋ። ሲመለስ ኮምፒውተሩን ከፈትኩና ሰዓቷን ላስተካክል እጄን ዘረጋሁ።

«ተይው» አሉ አያቴ። «ስንት ይላል?»

«አሥራ ሁለት።»

«ሸጋ። እንግዲያ አባትሽ አልዘገየም።»

እናቴ ፊቷን አዞረች። ሰዓቷን ስናይ አንድ ሰዓት ሞላች። አያቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እስኪ አጥፊና መልሰሽ አብሪው» አሉኝ።

አጠፋሁት።

ዛሬ ልጄ «እማዬ፣ የምድጃውን ሰዓት አስተካክዪው እንጂ» ይለኛል። አባቱ ከደባርቅ እየመጣ ነው፤ ስልኩ አይሠራም።

«ተወው» አልኩት።