የጉኑኖ ሴቶች የግርጌ ማስታወሻ

ወይዘሮ አስካለች ደገፉ ዳልጮ የስድሳ አራት ዓመት ሴት ናቸው። በሶዶ ከተማ ጣሊያንኛ አንብበው ከሚረዱ ጥቂት ሰዎች አንዷ ሲሆኑ፣ ቋንቋውን የተማሩት በወጣትነታቸው ከሚሲዮን መነኮሳት ጋር በክሊኒክ ሲሠሩ ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ አንድ የምርምር ማእከል፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ስለ ወላይታ እንሰት የተጻፈና ማንም ገልጦት የማያውቅ ጥናት ወደ አማርኛ እንዲመልሱ አደራ ሰጣቸው። አራት ዓመት ፈጀባቸው።

ጥናቱ እንሰትን የሚያጠወልገውን በሽታ የሚቋቋመው ሃላ የተባለው ዝርያ ነው ይላል። ማእከሉም ይህን ከእሳቸው ሰምቶ፣ ትርጉሙን እንደ ተረከበ በመጪው ክረምት ሃላን በሰፊው ሊያስተክል ተዘጋጅቶ ነበር። ወይዘሮ አስካለች ግን የተክሉን አገላለጽ ደጋግመው ባነበቡ ቁጥር ከስሙ ጋር አልገጥም አላቸው። ረቂቁን ይዘው እዚያው ወላይታ ውስጥ ወዳለችው ጉኑኖ ሄዱ፤ ዕድሜዋን በእንሰት ጓሮ ለፈጀችው ለጥሩዬ ኤርካሎም አነበቡላት።

ጥሩዬ በሳቅ ፈረሰች።

«ይሄ እኮ ሌላ ዝርያ ነው፤ ማዚያ ነው! ሃላ ያለው ማነው? ወንድ መሆን አለበት። ወንድ እንሰት የሚያውቀው ቆጮው ሲቀርብለት ነው!»

ወይዘሮ አስካለች ወደ መግቢያው ተመለሱ። ተመራማሪው መረጃ የሰጡትን አሥራ አንድ ሰዎች በስም ዘርዝሯል፤ አንድም ሴት የለችበትም። በዚህ አገር እንሰቱን የምትፍቀውና ዝርያውን የምትለየው ሴት መሆኗን ማንም አልነገረውም። ሌሎች ስምንት ሴቶችን ለየብቻ ጠየቁ፤ ሁሉም ማዚያ አሉ። ወይዘሮ አስካለች የደራሲውን ቃል ሳይነኩ፣ የሴቶቹን ምስክርነት በየስማቸው በግርጌ ማስታወሻ አሰፈሩ።

ትርጉሙን የሚረከበው የማእከሉ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ አቶ ሄኖክ ማስታወሻውን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

«እትዬ አስካለች፣ የተቀጠሩት ለመተርጎም ነው። ይሄ ይውጣ።»

«ስሕተቱስ?»

«ደራሲው ይጠየቅበት።»

«ደራሲው ሞቷል። ችግኙ ግን ክረምት ላይ ይተከላል።»

«የጠቀሷቸው ሴቶች እኮ ዲግሪ የላቸውም።»

«ጣሊያኑ የጠየቃቸው ወንዶች ከየት ነበር የተመረቁት?»

ሄኖክ ሳቁን ዋጠ፤ ውሳኔውን ግን አልለወጠም። ማስታወሻው ካልወጣ ትርጉሙን አልረከብም አለ። ወይዘሮ አስካለች ሦስት መቶውን ገጽ ሰብስበው ብብታቸው ሥር ያዙ።

«አብሮ ይገባል፤ አለዚያ አይገባም» ብለው ወጡ።

ጥናቱ እስከ ዛሬ እሳቸው ቤት ነው። ተከላው ቆሟል፤ በጉኑኖ ጓሮዎችም የእንሰቱ ቅጠል መጠውለጉን ቀጥሏል። አንባቢ ሆይ፣ የተዘጋውን ለመክፈት አራት ዓመት የደከሙት እኚህ ሴት ስሕተቱን ይዞ ከሚከፈት ተዘግቶ ይቆይ ማለታቸው ልክ ነው ትላለህ?