ባቄላ እምቢ ያለው ውሃ

አንድ ተራ የሥራ ቀን ባለቤቴን ምን ያስከፍለዋል ብላችሁ ብትጠይቁኝ ሒሳቡን የምነግራችሁ እኔ ነኝ፤ ማታ ሲገባ የማየው እኔ ነኝና። ከአንዱ ጣቱ ላይ ቆዳ ይሄዳል፤ የዛገ ብሎን እምቢ ብሎ መፍቻው ሲያመልጥ። ግማሽ የልብስ ሳሙና ይሄዳል፤ እሱም ቢሆን እስከ ክርኑ እንኳ በደንብ አያጠራም። መኪና ሥር ሲጋደም የዋለ ወገብ አለ። ድምፁም አብሮ ያልቃል፤ «አንተ ጋ ከመምጣቴ በፊት ይሄ መኪና እንዲህ አያጓራም ነበር» ከሚል ደንበኛ ጋር ሲከራከር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ ሌላ ወጪ ተጨምሯል። ከመኪና የወጣውን የተቃጠለ ዘይት በጀሪካን ያጠራቅምና ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሌላው ሰው እግሩን ሲዘረጋ፣ ዘይት መልሶ ወደሚያጣራ ድርጅት ጭኖ ይሄዳል። ስለዚህች የመጨረሻዋ ወጪ ነው የምጽፈው፤ ከሁሉም የምኮራባት እሷ ናትና።

ባለቤቴ መካኒክ ነው፤ ሰፈሩ «ግሪሱ» ይለዋል። ጋራዡና ቤታችን ግድግዳ ይጋራሉ፤ የጋራዡ የቆርቆሮ በር ሲከፈት እኛ ቤት ብርጭቆ ይንጫጫል። መንገዱ አስፋልት የሚባል አያውቅም። መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው ሳይጠራ ይገባል። ማዶ ዳቦ ቤት አለ፤ ባለቤቷ በዕድሜ እናታችን የሚሆኑ ሴት ናቸው፤ እኛ እትዬ እንላቸዋለን። ታዲያ ግሪሱ ለዓመታት ለሰፈሩ አንድ ውለታ ይውል ነበር። የተቃጠለውን ዘይት በጣሳ እየቀዳ መንገዱ ላይ ይረጫል፤ አቧራው ጭጭ ይላል። እትዬ «እጅህ ይባረክ» ይሉና ትኩስ ዳቦ ይልኩልናል። ሳይረጭ የዋለ ቀን «ዛሬስ ረሳኸን?» የሚለው ጎረቤት ብዙ ነው። እሱም እኔም ደግ ሥራ ነው ብለን ነበር የምናስበው።

ትልቋ ልጃችን ሦስተኛ ክፍል ናት። «ለምን» ስለማያልቅባት ቤት ውስጥ «መርማሪዋ» ነው የምንላት። ትምህርት ቤቷ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አለ፤ አምና አንድ ቀን የሳይንስ መምህርቷ እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ ደጃፍ የዝናብ ውሃ ቀድቶ እንዲመጣ አዘዙ። በዚያ ውሃ ኩባያ ውስጥ ጥጥ ይርስና ባቄላ ይበቅልበታል። መርማሪዋ ከጋራዡ ፊት ካለው ቦይ ጠርሙስ ሞልታ እየሮጠች መጣች።

«እማዬ እይልኝ፤ የማንም ልጅ እንዲህ ዓይነት የለውም።»

እውነቷን ነው። ውሃው ላይ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ ተንሳፍፏል፤ ቀስተ ደመና ጠርሙስ ውስጥ የገባ ይመስላል። «ያምራል» አልኳት።

የጓደኞቿ ባቄላዎች አንገታቸውን ብቅ ብቅ አደረጉ። የእሷ አብጣ ጠቆረች። መምህርቷ ደግ ሴት ስለሆኑ ልጆቹ ፊት ምንም አላሏትም፤ ልጆች ግን ልጆች ናቸውና «ባቄላ ገዳይ» አሏት። ኩባያዋን በሻርፗ ሸፍና መጣች፤ እኔን አልፋ ቀጥታ ጋራዥ ገባች። ተከተልኳት። ከአንድ መኪና ሥር የግሪሱ እግር ብቻ ይታያል።

«አባዬ፣ የኔ ባቄላ ለምን እምቢ አለች?»

«ውሃ አብዝተሽባት ይሆናላ» አለ ከሥር።

«አላበዛሁም። ሁላችንም በማንኪያ ነው የለካነው። ሁለተኛ እዚያ ክበብ አልሄድም።»

ይሄን ሲሰማ እየተንፏቀቀ ወጣ። ኩባያውን ተቀብሎ ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ያንን ሽታ ተኝቶም ያውቀዋል።

«ከየት ነው የቀዳሽው?»

«ከደጃችን።»

ኩባያውን መሬት አስቀምጦ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። ለመርማሪዋ ግን ይሄ መልስ አይሆናትም። «አንተ ታውቃለህ አይደል?» አለችው።

አላውቅም ቢላት ታምነው ነበር። 

«አውቃለሁ» አለ። «የኔ ዘይት ነው።»

ትንሽ አሰበች። «ታዲያ እትዬ እጅህ ይባረክ ይሉህ የለ እንዴ?»

ይህቺን ጥያቄ የሚፈታ መፍቻ ጋራዡ ውስጥ አልነበረም።

ራት ላይ «ልጄ በኔ ሥራ አንገቷን ደፍታ አትቀርም» አለኝ። «ራሷን ቀና አድርጋ ወደ ክበቡ እንድትመለስ አደርጋለሁ።»

ከነጋ ጀምሮ መርጨቱን ተወ። አቧራው እንደ ድሮው ተነሳ። እትዬ ሽርጣቸውን እያራገፉ ተሻገሩ።

«አንተ፣ ታመህ ነው?»

«ደህና ነኝ እትዬ። ዘይቱ በዝናብ ታጥቦ ወንዝ እየወረደ ነው። አንዲት ባቄላ እንኳ አላበቅል አለ።»

«ወንዙ መች ዳቦ ይገዛኛል?»

«እትዬ፣ ከእንግዲህ አልረጭም።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብለውት ሄዱ። ትኩስ ዳቦውም ቀረ፤ ሰላምታውም ቀዘቀዘ።

እሱ ግን መተው ብቻ አልበቃውም። ከደጃችን ያለውን አፈር መቆፈር ጀመረ። አፈሩ ክንድ የሚያህል ወደ ታች ጠቁሮ ነበር። እየዛቀ አሮጌ በርሜል ውስጥ ይከታል፤ በርሜሎቹንም ክዳን ገጥሞ፣ የዘይት ማጣሪያው ድርጅት ሰዎች እስኪወስዱለት ጣራ ሥር ያስቀምጣቸዋል። በፈንታው ከአንድ ግንበኛ ወዳጁ የተሰባበረ ጡብ አምጥቶ ይደለድላል። እኔም ትንሹን ልጃችንን አዝዬ ጡቡን በመዶሻ አደቅቅ ነበር። አላፊ አግዳሚው ይቀልዳል።

«ግሪሱ፣ ወርቅ አገኘህ እንዴ?»

«አይ፣ ራሴ የቀበርኩትን ነው የማወጣው።»

እትዬ ከበራቸው ሆነው ሲያዩ ከረሙ። ጡብ የለበሰው ቦታ ላይ መኪና ሲያልፍ አቧራ እንደማይነሳ ግን አልሳቱም። አንድ ቀን ጠዋት ዳቦ ከምድጃ የሚያወጡበትን ረጅም የእንጨት አካፋ ይዘው መጡ።

«ለወንዙ ብዬ እንዳይመስልህ። ለዳቦዬ ነው።»

«ለማንም ይሁን እትዬ፤ ብቻ ከዚያ በኩል ይዛቁልኝ።»

እሳቸው ሲመጡ ሌላው ጎረቤት ቤቱ መቀመጥ አፈረ። መንገዱ ከጋራዡ እስከ ዳቦ ቤቱ ጡብ ለበሰ።

ወሬው መምህርቷ ጆሮ ደርሶ ኖሮ ግሪሱን ክበቡ ፊት እንዲናገር ጠሩት። ቱታውን ተኩሼ ሰጠሁት። ሲታጠብ ቆዳውን የሚገፍ መስሎኝ ነበር። መርማሪዋን አስከትሎ ክፍሉ ገብቶ ቆመ፤ እኔ ትንሹን ታቅፌ በመስኮት አያለሁ። ገና አፉን ሳይከፍት አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

«ጋሼ፣ ከመምጣትዎ በፊት እጅዎን አልታጠቡም?»

«ታጥቤ ነው የመጣሁት ልጄ። ይሄ የሥራ መታወቂያዬ ነው፤ በሳሙና አይለቅም።»

ሳቁ። ከዚያ ንጹሕ ውሃ የሞላ ሳህን ላይ የተቃጠለ ዘይት ጠብ አደረገ። ጠብታዋ ሳህኑን ስታዳርስ ልጆቹ አንገታቸውን አስግገው አዩ። ከመኪና ሥር ደጃችን፣ ከደጃችን ቦይ፣ ከቦይ ወንዝ እንዴት እንደምትሄድ ነገራቸው። በመጨረሻም ወደ መርማሪዋ ጠቆመ።

«ያ ባቄላ ያላበቀለ ውሃ የሷ ነው ተባለ። ውሃውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እሷ ባታሳየኝ ኖሮ እስከ ዛሬ እደፋው ነበር።»

መርማሪዋ አገጯን ቀና አድርጋ ዙሪያዋን አየች። እኔም በመስኮቱ በኩል «የኔ ሰው ነው» ብዬ ላገኘሁት ሁሉ ብናገር ደስ ባለኝ፤ አጠገቤ ግን የጥበቃ ሠራተኛው ብቻ ነበርና ለእሱ ነገርኩት።

ዘንድሮ ዝናቡ ሲመጣ መርማሪዋ ከዚያው ቦይ ቀዳች። አልዋሽም፤ ጠርዙ ላይ ገና ስስ ቀለም ይታያል፤ አፈር የጠጣውን ቶሎ አይተፋም። ባቄላዋ ከጓደኞቿ ዘግይታ፣ አንገቷን ጠመም አድርጋ በቀለች። መርማሪዋም ኩባያውን ሻርፕ ሳታለብስ በሁለት እጇ ይዛ ትምህርት ቤት ወሰደችው። ከኛ በታች ያለው ሌላ ጋራዥ አሁን ዘይቱን በጀሪካን ለግሪሱ ይሰጣል። ከኛ በላይ ያለው ገና «ጆሮ ዳባ ልበስ» ብሏል።

ይህን ስጽፍ ግሪሱ በትከሻዬ በኩል እያነበበ «አንድ ነገር ጨምሪልኝ» አለኝ። እንደተናገረው አስቀምጣለሁ፦ «ዘይት ስታስቀይሩ ገንዘብ ከፍላችሁ ብቻ አትሂዱ። የወጣው ዘይት የት እንደሚደፋ መካኒኩን ጠይቁት። ቢቆጣም ጠይቁት። እኔንም ቢሆን ጠይቁኝ፤ እኔ ልጄ እስክትጠይቀኝ ድረስ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።»