የማይሞላው ጉድጓድ

እንዳላማው ከአምበር ወዲያ ባለች መንደር የውሃ አባት ነበር። የምንጩን ኩሬ የሚጠብቅ፣ የመስኖ ተራ የሚያከፋፍል፣ ኩሬውን ያቆሸሸን ውሃ የሚከለክል እሱ ነው። ሃያ ዓመት ሲሠራ አዳላህ ያለው ሰው የለም፤ ከርስቱም ከበሬዎቹም ይልቅ የሚኮራው በዚህ ነበር።

ጥንቃቄውማ ለጉድ ነው። ሌላው ሰው ፍጉን በረቱ ደጃፍ ይከምራል። የእሱ በረት ግን ከምንጩ በላይ ነውና፣ ክረምቱ ጠርጎ ኩሬው ውስጥ እንዳይከተው ብሎ ሰው ገብቶ የማይታይበት ጉድጓድ ቆፈረ። አዛባውም የከብቱ ሽንትም እዚያ ገባ። በመሬቱ ላይ ፈስሶ ወደ ኩሬው የወረደ አንድ ጠብታ አልነበረም።

በሦስተኛው ዓመት፣ በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት መሆኑ ነው፣ ኩሬውን የሚዝለገለግ አረንጓዴ ነገር ሸፈነው። ከብት አሽትቶት ይመለስ ጀመር። እንዳላማው ዞር ዞር ብሎ አየና ከኩሬው አጠገብ የምትኖረውን ባልቴት፣ ሥራነሽን ጠረጠረ።

"ላምሽን እየለቀቅሽበት ነው" አላት።

ምላ ተገዝታ ብትክድም የበጋውን ውሃ ከለከላት። የድንች ማሳዋ ደረቀ።

ሥራነሽ ተበድላ ዝም የምትል ሴት አልነበረችም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንደተቀመጡ መጥታ ፊታቸው ቆመች።

"አያ እንዳላማው፣ ከብትዎ ስንት ነው?"

"አሥራ አንድ።"

"የአሥራ አንድ ከብት ሽንት ሦስት ዓመት ሲገባበት፣ ያ ጉድጓድዎ ሞልቶ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"ታዲያ የት ሄደ?"

እንዳላማው ጉድጓዱ አለመሙላቱን የጥሩ አቆፋፈር ምልክት አድርጎ ሲኮራበት ነው የኖረው።

"የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች" አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እንዳላማው ሰማው። አፈረ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

በማግስቱ ድንጋይ ተሸክሞ ሥራነሽ ደጅ ወደቀ። እሷም ድንጋዩን ከትከሻው አውርዳ ይቅር አለችው። ተራዋን መለሰላት፤ የራሱን ተራ በራሱ ፍርድ ከለከለ። ጉድጓዱንም ዝቆ አውጥቶ በቀይ አፈር ደፈነው።

"ኩሬው ለከርሞ ይጠራል" አለ ለመንደሩ ሰው።

ለከርሞ አልጠራም። የሠረገው ሁሉ ገና ከመሬት በታች መንገድ ላይ ነበርና በየበጋው ይደርሳል። እንዳላማው ማለዳ ማለዳ እየወረደ አረንጓዴውን በቅርጫት ይጠርጋል፤ በሳምንቱ መልሶ ይሸፍነዋል። ከሹመቱ ውረድ ያለው አልነበረም፤ ክፉ የተናገረውም የለም። ጉድጓዱ በተደፈነ በአራተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ ሞተ። ኩሬው በስድስተኛው ጠራ።