ጥሩምባው የሚነፋው ለሞተ ሰው ነው

ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰው ሁሉ ሌላ ነገር ስለሚጠብቅ ነው። አልመታኝም፤ ሰክሮ አልገባብኝም፤ ሴት አላመጣብኝም። አባይ ማዶ፣ ጎጃም ውስጥ፣ በአሥራ አምስት ዓመቴ ዳሩኝ። በሃያ አንድ ዓመቴ አንድ ማለዳ ተነሳሁና ይህ ኑሮ የእኔ አይደለም አልኩ። ልጅ ስላልወለደችልኝ ነው የተለያየነው እያለ ያወራል ሲሉ ሰምቻለሁ። ያውራ። እኔ የሄድኩት መሄድ ስለፈለግሁ ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት አምጪ ለሚለኝ እስከ ዛሬ መልስ የለኝም፤ እንዲኖረኝም አልፈልግም።

አዲስ አበባ የገባሁት በደርግ መጨረሻ ዓመታት ነው፤ ወንድ ልጅ ያላት እናት ሁሉ እንቅልፍ ባጣችበት ጊዜ። የመንግሥት ልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቀጠርኩና ቀኑን ሙሉ የካኪ ኮሌታ ስገጥም እውል ጀመር። ከቦሌ መድኃኔዓለም ወደ ገርጂ ሲኬድ፣ ቪላዎቹ አልቀው የጭቃ ቤቶቹ በሚጀምሩበት ሰፈር አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት አገኘሁ። አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር ቆርቆሮዋ ይንቀጠቀጣል። በሩን ከውስጥ ስቆልፍ ግን ቁልፉ የእኔ ነበር። በሕይወቴ የመጀመሪያው ቁልፍ እሱ ነው።

ታላቅ ወንድሜ በየዓመቱ አዝመራ ከገባ በኋላ ይመጣል። ሊጠይቀኝ እንዳይመስላችሁ፤ ሊወስደኝ ነው። አልጋዬ ጫፍ ላይ ይቀመጥና፣

«እዚህ ማን አለሽ?» ይለኛል።

«ሥራ አለኝ።»

«ሥራ ሰው ይቀብራል? ብትሞቺ ማን ያነሳሻል?»

ሁለት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሲለኝ ከረመ። እውነት አለው፤ ያናደደኝም እሱ ነው። በሦስተኛው ዓመት ወንድሜ ሳይመጣ ልቅደመው ብዬ የሰፈሩ ዕድር የሚሰበሰብበት ዛፍ ሥር ሄድኩ። አባል መሆን እፈልጋለሁ አልኳቸው።

«በማን ስም እንጻፍሽ?» አለ ጸሐፊው።

«በስሜ።»

«ባልሽስ?»

«የለኝም።»

«ወንድምም የለሽ?»

«አለኝ። እሱ የራሱ ዕድር አለው፤ ጎጃም።»

ሳቁብኝ። ያልሳቁት የዕድሩ ዳኛ ብቻ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው። ሚስማር የሚመርጡ ይመስል ትንሽ አዩኝና «ጻፋት» አሉት። እንዲህ ሆኜ ነው የገባሁት።

ትልቁ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ በየመንደሩ እየዞረ ጥሩምባ የሚነፋው ሰውዬ እግሩን ታመመና ተኛ። የሚተካው ወንድ ጠፋ። ሰነፎች ስለሆኑ አልነበረም። ለብሔራዊ ውትድርና እየተባለ ወጣቱን ከመንገድ እያፈሱ መኪና ላይ የሚጭኑበት ጊዜ ነበር፤ አፈሳው ደግሞ ማለዳ ነው የሚበረታው። ታዲያ የትኛው ጎረምሳ ነው በዚያ ሰዓት ጥሩምባ ይዞ «እዚህ ነኝ» የሚለው? ጉባኤው አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ እጄን አወጣሁ።

«ሴት ጥሩምባ ስትነፋ የት አገር ታየ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«እንግዲያው አንተ ንፋ» አሉት ዳኛው።

ሰውዬው ነጠላውን እስከ አፍንጫው ሳበ።

መንፋቱን ያስተማሩኝ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ናቸው። ከጋሞ ተራሮች የመጡ፣ ቦሌ አንድ ቪላ ቤት ዘበኛ የሆኑ፣ እዚህ ከተማ አንድም የሥጋ ዘመድ የሌላቸው ሽማግሌ። መጀመሪያ የወጣልኝ ድምፅ የጥጃ ሳል ይመስል ነበር። «ከጉንጭሽ አይደለም፣ ከሆድሽ ነው! የተናደድሽ ቀን እንዴት ነው የምትጮኺው?» አሉኝ። ንዴት ካሉኝማ ሞልቶኛል። በሳምንቱ ጥሩምባው እስከ ገርጂ ማሳዎች ድረስ ይሰማ ጀመር። ሰዓት እላፊው እንደተነሳ እወጣለሁ፤ እነፋለሁ፤ «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ!» ብዬ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት እናገራለሁ። ከዚያ ፋብሪካዬ እገባለሁ። በሰፈሩ የማያውቀኝ ሰው አልነበረም። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይለኝ ነበር። ባሌ ቤት ስድስት ዓመት ስኖር ድምፄን የሰማው ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ተበላሸ። ሊቀመንበሩ አስጠራኝ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ዓይኑ ሥር የጠቆረ ሰው ነው። «ነገ ስብሰባ አለ፤ በጥሩምባሽ ጥሪልኝ» አለኝ። ነገሩ ልክ እንዳልሆነ ገብቶኛል፤ ቤቴ ግን የቀበሌ ነው። ፈራሁና ነፋሁ። ይህን አልደብቅም።

ሰው ወጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እንባቸውን አዘጋጅተው፣ «ማን ሞተ? ማን ነው?» እያሉ ቀበሌው ግቢ ሞሉ። አንዷማ በሩ ላይ ደረቷን መምታት ጀምራ ነበር፤ የሚለቀስለት ሰው አጥታ አቋረጠች። ከዚያ ስለ ምርት ዘመቻ ሦስት ሰዓት ንግግር ሰሙ። ሲመለሱ እኔን እያዩ ይስቁ ነበር። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሞኝ ነበርኩ።

ሳቁ የቆየው ሁለት ሳምንት ነው። ዘበኛው ጎረቤቴ በእንቅልፋቸው ሞቱ። በጠዋት ወጣሁና ነፋሁ፤ በሕይወቴ እንዲያ ነፍቼ አላውቅም፤ ስማቸውን እየጠራሁ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። በሩን የከፈተ አልነበረም። ስብሰባ መስሏቸዋል፤ ከስብሰባ ደግሞ ልጅ ሊታፈስ ይችላል። እናቶች ጥሩምባዬን ሲሰሙ ልጆቻቸውን አልጋ ሥር አስገቡ።

ቀብሩ ላይ የተገኘነው ዘጠኝ ሰዎች ነን። ቃሬዛውን የተሸከሙት ስድሳ ያለፋቸው ሽማግሌዎችና እኔ ነን። በየሃያ እርምጃው እናስቀምጣቸዋለን፣ ትንፋሽ እንወስዳለን፣ እናነሳለን። አገራቸው ቢሆን ተራራው ሙሉ ሰው ይወጣላቸው ነበር። እዚህ ሰው ያሳጣኋቸው እኔ ነኝ፤ በገዛ አፌ፣ እሳቸው ባስተማሩኝ ጥሩምባ። ጉድጓዱ ሲሞላ «ሁለተኛ አይለምደኝም» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ዳኛው ሰምተዋል።

ወር አልሞላውም፣ ሊቀመንበሩ እንደገና ጠራኝ።

«ነገ ጠዋት ንፊ።»

«ማን ሞተ?»

«ስብሰባ ነው።»

ስብሰባ እንዳልሆነ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ለውትድርና የሚያስረክበው የወጣት ኮታ እንደመጣበት ሰፈሩ ሁሉ ሲያንሾካሹክ ነው የሰነበተው።

«ጥሩምባው የሚነፋው ለሞተ ሰው ነው» አልኩት።

«አንቺ ሴትዮ፣ እኔም የበላይ አለብኝ። የምትኖሪበት ቤት የማን ነው?»

«የቀበሌ።»

«ታዲያ?»

«ጥሩምባው ግን የዕድሩ ነው።»

«አንቺስ የማን ነሽ?»

«የራሴ።»

እዚያው ግቢ ውስጥ ካለው እስር ቤት አስገባኝ። ድሮ የስንዴ መጋዘን ነበር፤ ግድግዳው የነቀዝ ሽታ አለው። የመጀመሪያውን ሌሊት ተንቀጥቅጬ አደርኩ። ጀግና ነበረች የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ያን ሌሊት አላየም።

በማግሥቱ የጣውላ ኳኳታ ሰማሁ። በበሩ ስንጥቅ ብመለከት የዕድሩን አግዳሚ ወንበሮች እያመጡ ግቢው ውስጥ ይደረድራሉ፤ ልቅሶ ቤት የምንዘረጋቸውን። ዳኛው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላው።  ሊቀመንበሩ ከቢሮው ሮጦ ወጣ።

«ምንድን ነው ይሄ? ማን ሞተ?»

«ኧረ ገና ማንም አልሞተም» አሉ ዳኛው ቆባቸውን እያወለቁ። «ጥሩምባ ነፊያችን እዚህ ናት። ሰው ቢሞት የሚጠራን የለም። ቀብር እንዳያመልጠን እዚሁ ሆነን እንጠብቅ ብለን ነው።»

«ይሄ የፖለቲካ ሰልፍ ነው!»

«እኛ ምን ፖለቲካ እናውቃለን ጓድ? መቅበር ብቻ ነው የምናውቀው።»

ምን ያድርጋቸው? እናቱም የዚያው ዕድር አባል ናቸው፤ ከሴቶቹ መካከል ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ፀሐይ እስክትጠልቅ ተቀምጠው ዋሉ። በማግሥቱም መጡ። በበሩ ስንጥቅ አንድ በአንድ ፊታቸውን አየሁ። «ሴት ጥሩምባ ስትነፋ የት አገር ታየ» ያለውም ሰውዬ አለ።

በሦስተኛው ቀን ወንድሜ ከጎጃም ደረሰ። አዝመራ ገብቷል፣ ቀኑን ጠብቆ መምጣቱ ነው። ሊቀመንበሩ በሩን አስከፈተና ወደ ቢሮው ወሰደን። ከዚህ ጣጣ የሚወጣበት ቀዳዳ እንዳገኘ ፊቱ ይናገራል። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አለ።

«ፈርምና እህትህን ወደ አገሯ ውሰዳት። ዛሬውኑ እለቃታለሁ። ቤቱን ታስረክባለች፤ ሌላ ክስ የለባትም» አለው።

ወንድሜ ብዕሩን አነሳ። እኔን ዞሮ እንኳ አላየኝም።

«እኔ አልሄድም» አልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ አታዋርጂን። እስር ቤት ገባች ሲባል እናታችን ምን ትሁን? ነይ ብሎ የለመነሽ አገር አለ፤ አንቺ ግን ባዳ አገር መበስበስ መረጥሽ። እዚህ ማን አለሽ?»

«መስኮቱን ክፈትና እይ።»

አልከፈተም። መክፈትም አያስፈልገውም፤ ሲገባ በመካከላቸው ነው ያለፈው። «ከፈረምክ ፈርም» አልኩት፤ «ደጀን ሳንደርስ ከአውቶቡሱ እወርዳለሁ። አስረህ ካልወሰድከኝ በስተቀር አታደርሰኝም። እዚህ ያስቀመጠኝ ሰው የለም፤ መርጬ ነው የተቀመጥኩት። ለዚህ ደግሞ ይቅርታ አልጠይቅህም።»

አለቀስኩ። ያለቀስኩት ፈርቼ አይደለም፤ ወንድሜ ስለሆነ ነው፤ በልጅነቴ ወንዝ ያሻገረኝ በትከሻው ስለሆነ ነው። ብዕሩን አስቀመጠ። «እንግዲህ እህት የለኝም» ብሎ ወጣ። እኔ ወደ መጋዘኑ ተመለስኩ። ከዚያች ቀን የባሰ ቀን አላውቅም፤ ግን ቃሌን መልሼ ልዋጠው ብዬ አንድ ጊዜም አላሰብኩም።

በአራተኛው ቀን ማለዳ ዳኛው ብቻቸውን መጡ። ድንች ሲነግዱ የኖሩ አንዲት አሮጊት ዕድርተኛ ሞተዋል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሰው ሞቶብናል። ጥሩምባ ነፊያችንን ስጡን።»

«ሌላ ሰው ይንፋ።»

«ሌላ ሰው ቢነፋ የሚያምነው የለም፤ ስብሰባ ነው ብሎ ይደበቃል። እሷ ግን ላልሞተ ሰው አልነፋም ብላ መታሰሯን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ወይስ ሬሳውን እዚህ እናምጣውና ለቅሶው እዚሁ ይሁን?»

ሊቀመንበሩ ግቢው ውስጥ የተደረደሩትን ወንበሮች አየ። «ውሰዷት» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ድምፅ ማጉያውን አሠራለሁ» አለኝ። ይህ ከእሱ አፍ ሊወጣ የሚችል ትልቁ ይቅርታ ነበር፤ ተቀበልኩት።

አራት ቀን ያልታጠበ ፊቴን ይዤ ሰፈሩ መካከል ቆምኩ።  በዚህ ጥሩምባ አንድ ጊዜ ዋሽቻለሁ፤ ከአንድ ጊዜ በኋላ የሚያምን ሰው ይኖራል? ነፋሁ። «ያልሰማህ ስማ!» ብዬ የአሮጊቷን ስም ጠራሁ። የተከፈተ በር የለም። እንደገና ነፋሁ። ያኔ ከአንድ ቤት የመዝጊያ ብረት ሲነሳ ተሰማኝ። አንድ ጎረምሳ አንገቱን አወጣ፣ እኔን አየ፣ ወደ ውስጥ ዞሮ «እሷ ናት!» አለ። ቀጥሎ ሌላ በር፣ ቀጥሎ ሌላ። ወራት ሙሉ ፀሐይ ያልነካቸው ልጆች ዓይናቸውን እያሹ ወጡ። እናቶቻቸው ከኋላ ነበሩ፤ «ተመለስ» ያለች ግን አልነበረችም።

ቃሬዛውን ያነሱት በሩጫ ነው ማለት ይቻላል። ከተሸካሚዎቹ መካከል ግራ በኩል አንድ ቡልኮ የለበሰ ሰው አየሁ። ወንድሜ ነው። ሄዷል ብዬ ነበር፤ ለካስ ዳኛው ቤታቸው አስተኝተውት ኖሯል። በሕይወቷ አይቷት የማያውቃትን ሴት ተሸክሞ፣ ከማንም ጋር ሳይቀያየር፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደረሰ።

ከቀብር መልስ ቤቴ ገባ። ግድግዳውን አየ፣ ቆርቆሮውን አየ፣ ያቀረብኩለትን በላ። ስለ መሄድ አላነሳም። ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ «በይ እንግዲህ» ብቻ አለኝ።

ከዚያ ወዲህም በየዓመቱ ይመጣል። እንግዳ ሆኖ ነው የሚመጣው።