ወንድሜ ሰርቨር ሲጭን

ወንድሜ ኮምፒውተር ይጠግናል፤ እኔ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። የምንሠራው በአንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ የሚለየን ወረቀት የተደረደረበት መደርደሪያ ብቻ ነው። ስለዚህ እሱ ሲነጫነጭ እሰማለሁ፤ የእኔ ማሽን ወረቀት ሲነክስ ደግሞ እሱ ይስቃል። ባለፈው ወር መጨረሻ ግን ከሁለታችንም የሳቀ የለም።

ሰፈሩ «ዶክተር» ይለዋል። እጁ የገባ ኮምፒውተር ሞቶ አይቀርም። ትዳሩ ግን እንደዚያ አልቀናውም። ከሚስቱ ጋር ሲለያዩ፣ እሷ ሥራ ወዳገኘችበት ሌላ ከተማ ሄደች፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልጃቸውንም ይዛ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትወጣ የምትውለው እዚሁ፣ እኛ «ሽማግሌው» የምንለው አሮጌ ኮምፒውተር ፊት ነበር። አባትና ልጅ በዚያ ላይ ጡብ በጡብ እየደረደሩ ቤት የሚሠሩበትን ጌም ይጫወታሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ሠሩ፤ ፎቅ አለው፣ የዶሮ ቤት አለው፣ ወንዝ ላይ ድልድይ አለው። ለእኔም አንድ ክፍል ሰጥተውኛል፤ መሃሉ ላይ ፎቶ ኮፒ ማሽን ነው የሚሉት ግራጫ ድንጋይ ቆሟል።

ከሄደች በኋላ በስልክ የሚያወሩት አለቀባቸው። «ምሳ በላሽ?» «በላሁ።» «ትምህርትስ?» «ደህና።» በቃ። አንድ ቀን ልጅቷ ራሷ መላ አመጣች።

«አባዬ፣ ቤታችንን ሰርቨር ላይ ብታደርገው እኮ እኔም ከዚህ ሆኜ እገባለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እንሠራለን።»

ሰርቨር ማለት፣ ለእኔ እንዳስረዳኝ፣ ሌሎች ከያሉበት እንዲገቡበት በሩን ከፍቶ የሚጠብቅ ኮምፒውተር ነው። ወንድሜ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ብሎ ማለላት። እናትየው በዚያው ሰዓት የውሃ ዋና ትምህርት ልታስመዘግባት ነበር፤ ልጅቷ ለምና ሦስት ቅዳሜ አስጠበቀቻት። ሦስት ብቻ።

መጀመሪያ ፕሮግራሙን ሽማግሌው ላይ ጫነው። ሽማግሌው ዊንዶውስ ነው። እየጫነ ሳለ ጥያቄ ብቅ አለ፤ ይህ ፕሮግራም ከውጭ ጋር እንዲገናኝ ይፈቀድለት? ወንድሜ ሳያነብ «አይፈቀድም» የሚለውን ተጫነ። የሙያ ልማዱ ነው፤ የደንበኛ ኮምፒውተር ላይ ብቅ ለሚል ነገር ሁሉ መልሱ ይኸው ነው። ከዚያ በዚያው ኮምፒውተር ጌሙን ከፍቶ ሞከረ። ሰተት ብሎ ገባ። «ሠራ!» ብሎ ጠረጴዛውን መታው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጅቷ ደወለች።

«አባዬ፣ አያስገባኝም።»

«ያስገባል እንጂ! እኔ ይኸው ውስጥ ነኝ።»

«እኔ ግን ውጭ ነኝ።»

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሲያጠፋ ሲጭን ዋለ፤ ብቅ ባለ ቁጥርም «አይፈቀድም» ይለዋል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ጥፋቱ አንዲት ቁልፍ እንደነበረች ያወቅነው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው፤ ከውጭ ለሚመጣ በሩን የዘጋችው እሷ ናት።

«ዊንዶውስ ለሰርቨር አይሆንም» ብሎ ፈረደ። ሰኞ ዕለት አንድ የሠርግ ፎቶ አንሺ ኪቦርዱ እንዲሠራለት ያስቀመጠውን ማክ ላፕቶፕ አወጣ።

«የሰው ዕቃ ነው፣ ተው!» አልኩት።

«ለሙከራ ነው፣ እታለም። ቤቱን አልነካውም፤ ባዶ ሜዳ ላይ እሞክረዋለሁ። ከሠራ ያኔ ቤቱን ከሽማግሌው አመጣዋለሁ።»

ማኩ ደግሞ የፕሮግራሙን ሠሪ አላውቀውምና አልከፍትም አለ። ሳምንቱን ሲያባብለው ከረመ። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጅቷ ገባች! ሜዳው ላይ ስትዘል በዓይኔ አይቻለሁ። ወንድሜ በደስታ ሰክሮ ደንበኛ ሊያናግር ሲነሳ፣ እንደ ልማዱ የላፕቶፑን ክዳን ከደነው። ላፕቶፑ ተኛ፤ ልጅቷ ተባረረች። ምን እንደሆነ እስኪገባው ድረስ ፎቶ አንሺው መጥቶ ዕቃውን ይዞ ሄደ።

የቀረችው አንዲት ቅዳሜ ናት። ወንድሜ እልህ ያዘው። ሰርቨር የሚያምረው ሊኑክስ በሚባለው፣ በዊንዶውስ ፈንታ በሚጫን ሥርዓት ነው ሲሉ ሰማና፣ ሐሙስ ጠዋት ሽማግሌው ላይ ሊኑክስ ሊጭን ተቀመጠ። እንግዲህ የጠጋኞችን መድኃኒት ታውቃላችሁ፤ ፎርማት ነው። ያስቸገረ ሁሉ ይጠረግና ከአዲስ ይጀመራል። ደንበኛ ሲሆን «የሚፈልጉት ፋይል አለ?» ብሎ ሦስቴ ይጠይቃል። ራሱን ማን ይጠይቀው? «ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፣ ይቀጥል?» ሲለው፣ ፎቶ አንሺውን ለእኔ እያማ «ይቀጥል» ብሎ ተጫነው። እኔም እያዳመጥኩ እስቅ ነበር።

ሊኑክስ ትእዛዙን ሁሉ በጽሑፍ ነው የሚቀበለው፤ አንድ ፊደል ከተሳተች ይገላምጣል። ወንድሜ ሁለት ቀን ተገላመጠ። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሰርቨሩ ተነሳ። በዚህ ጊዜ ብልህ ሆኖ በእኔ ስልክ ከውጭ አስሞከረኝ፤ ገባሁ።

«በቃ፣ አሁን ቤቱን ላምጣው» አለ።

እጁ ማውሱ ላይ ደርቆ ቀረ። እኔም ገባኝ፤ ቤቱ የነበረው ሐሙስ ዕለት በጠረገው ዲስክ ላይ ነው። የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም አምጥቶ ዲስኩን አስበረበረው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የተገኘው የማን እንደሆነ የማይታወቅ ደረሰኝና የተቆራረጠ ፎቶ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጅቷ ደወለች፤ ስልኩን ሳትዘጋም ገባች። ብቻዋን አልነበረችም፤ ከአዲሱ ትምህርት ቤቷ ሁለት ጓደኞቿን አስከትላለች። ሦስቱም ባዶው ሜዳ ላይ ቆሙ።

«አባዬ፣ ቤታችን የት ጋ ነው? ላሳያቸው ነው ያመጣኋቸው።»

«እየተጫነ ነው። ትንሽ ጠብቂ።»

ሃያ ደቂቃ አስጠበቃት። ልጆቹ ሜዳው ላይ ይዞራሉ፤ አንደኛዋ ስታዛጋ በስልኩ ይሰማል።

«ንገራት!» አልኩት። «ልጅ ናት እንጂ ሞኝ አይደለችም።»

ነገራት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጠፋ፣ የኔ እናት። እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አላት።

ወደ ጓደኞቿ ዞራ ስትናገር ሰማናት፤ «እውነቴን ነው፣ ነበረ እኮ። ድልድይም ነበረው።» ከልጆቹ አንዷ ሳቀች። ወዲያው ሁለቱም ወጡ።

«አባዬ» አለች።

«ወዬ።»

«ለዋናው ልመዝገብ?»

ወንድሜ እኔን አየኝ።

«ተመዝገቢ» አላት። «ዋና ጥሩ ነው።»

እሷም ወጣች። ያ የተረገመ ሰርቨር ግን፣ አንድም ጊዜ ሳይቋረጥ፣ ሱቁን እስክንዘጋ ድረስ ሠራ።